ድራፍቱ የቆመው ለማን ነው? ለጋሼ የተጻፈ ምላሽ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ድራፍት ስል ጃምቦ የታያችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ዛሬ የማወራው ስለሌላኛው ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል የሚባለው፣ በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ለ32ቱ ቡድኖች ስለሚያከፋፍልበት ድራፍት።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፈ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከልኝ። «አንተ ይሄን ነገር ትወዳለህ፣ እስቲ እየው» ብሎ። ሁለቴ አነበብኩት። የጸሐፊው አማርኛ ያምራል፣ ጨዋታውንም እንደሚወዱት ያስታውቃል። በአካል አላውቃቸውም። ከአጻጻፋቸው ግን ታላቄ ስለመሰሉኝ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አለኝ።

ጋሼ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ድራፍቱ የተፈጠረው ለእኩልነት ነው። መጨረሻ የወጣው ቡድን ቀድሞ ስለሚመርጥ ደካማው ይነሳል፣ ለዚህም የዋሽንግተኑ ቡድናችን ምስክር ነው። መልማዮቹ ልጆቹን መዝነውና ለክተው ስለሚያውቋቸው ብዙም አይሳሳቱም። ልጆቹም በአንድ ሌሊት ሚሊየነር ስለሚሆኑ የሚያማርር የለም። ድራፍት የሌለው የአውሮፓ እግር ኳስ ደግሞ ይኸው የሀብታሞች መፈንጫ ሆኗል።

እኔ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከዋሽንግተኑ ቡድን ጋር ከጋሼ ባልተናነሰ አብሬው አልቅሻለሁ። ድራፍቱንም በየዓመቱ ሦስቱንም ቀን አያለሁ፣ ባለቤቴ ትመስክር። ግን መውደድ ሌላ፣ ያልሆነውን ነው ማለት ሌላ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው የሚሄደው ከኋላ ወደፊት ነው። ባለፈው ዓመት ከሁሉም በታች የሆነው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ዋንጫውን የወሰደው መጨረሻ ይመርጣል፣ እንዲህ እየተባለ ሰባት ዙር ይኬዳል፣ ከ250 በላይ ልጆች ይመረጣሉ። የተመረጠ ልጅ መደራደር የሚችለው ከመረጠው ቡድን ጋር ብቻ ነው። አገር ቤት የዩኒቨርሲቲ ምደባ የጠበቀ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። እኛ ግን ቢያንስ ቅጽ ሞልተናል። አንደኛ ምርጫ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ጎንደር፣ ሦስተኛ ሐዋሳ ብለን ከጻፍን በኋላ ነው ጅግጅጋ የሚደርሰን። የኤንኤፍኤሉ ልጅ የሚሞላው ቅጽ እንኳ የለውም። ስሙ ይጠራል፣ ኮፍያ ይሰጠዋል፣ ከሊጉ ኃላፊ፣ ከኮሚሽነሩ ጋር ተቃቅፎ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ፣ ክሊቭላንድ ደርሶታል።

«ድራፍቱ ከእኩልነት ጥማት የተወለደ ነው» ይላሉ ጋሼ። እኔ ግን ከአንድ የከሰረ ባለቤት ኪስ ነው የተወለደው ባይ ነኝ። ሰውየው በርት ቤል ይባላል፣ የፊላዴልፊያ ኢግልስ ባለቤት። በ1935 (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) ስታን ኮስትካ የሚባል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጎረምሳ ነበር። ቤል ሊያስፈርመው ፈለገ፣ የብሩክሊን ቡድንም ፈለገ። ልጁ ሞኝ አልነበረም፣ ወራት ሙሉ አስጫረታቸው። በመጨረሻ በ5 ሺህ ዶላር ለብሩክሊን ፈረመ። ያ ዘመን ብዙ አሜሪካዊ ሥራ አጥቶ የሚንከራተትበት ነበር፣ 5 ሺህ ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ቤል በዚያው ዓመት ለባለቤቶቹ ስብሰባ ሐሳብ አቀረበ፦ ከአሁን በኋላ አንድን ልጅ የሚያነጋግረው አንድ ቡድን ብቻ ይሁን፣ ደካማውም ቀድሞ ይምረጥ።

በዚያ ዓመት ደካማው ማን ነበር? የቤል የራሱ ቡድን። ከ11 ጨዋታ 2 ብቻ ነበር ያሸነፈው።

ቤል ስለ እኩልነት አላወራም አልልም፣ አውርቷል። ሊጉ እንዳይፈርስም ከልቡ ይጨነቅ ነበር። ግን ሐሳቡን ከሁለት ገምሱና እዩት። ደካማው ቀድሞ ይምረጥ የሚለው ግማሽ ለቡድኖቹ እኩልነት ነው። አንድን ልጅ አንድ ቡድን ብቻ ያነጋግረው የሚለው ግን ኮስትካ እንዳደረገው ሌላ ጎረምሳ እንዳያስጫርት ነው። ባለቤቶቹ እርስ በርስ ተሻምተው ዋጋ ስላናሩ መጫረት የተከለከለው ልጁ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

የመጀመሪያው ድራፍት በፌብሩዋሪ 1936 እዚያው ፊላዴልፊያ በሪትዝ ካርልተን ሆቴል ተካሄደ። ዘጠኝ ዙር ነበር፣ 81 ልጆች ተመረጡ። ቤል በመጀመሪያው ተራ የመረጠው ጄይ በርዋንገርን ነው፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲውን፣ ለኮሌጅ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደውን ልጅ። ልጁ የጠየቀውን ገንዘብ ቤል መክፈል አልቻለም። መብቱን ለቺካጎ ቤርስ አሳልፎ ሰጠው። የቤርሱ ጆርጅ ሃላስም አልተስማማም። በርዋንገር ይቅርብኝ ብሎ ሌላ ሥራ ገባ፣ አንድም ቀን ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሳይጫወት ቀረ። ፊላዴልፊያ በ1936 ስንት አሸነፈ? 1። ስንት ተሸነፈ? 11። ደካማን ያነሳል የተባለው ሥርዓት የመጀመሪያውን ደካማ ያነሳው እንዲህ አድርጎ ነው።

እኩልነት ከተባለ ደግሞ ጋሼ የዘለሉት አንድ ምዕራፍ አለ። እኛ ጥቁሮች ሆነን እሱን መዝለላችን ይገርመኛል። ከ1936 እስከ 1948 ድረስ በድራፍቱ አንድም ጥቁር ልጅ አልተመረጠም። አንድም። የመጀመሪያው ጆርጅ ታሊያፌሮ ነው፣ በ1949፣ በ13ኛው ዙር። ከሁሉም ዘግይቶ ጥቁር ያስገባው ቡድን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የእኛው ዋሽንግተን። ባለቤቱ ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል እስከ 1962 ድረስ ጥቁር ተጫዋች አላሰልፍም ብሎ ቆይቷል። በ1961 ከ14 ጨዋታ 1 አሸንፎ፣ 1 አቻ ወጥቶ፣ በ12 ተሸነፈ። ስለዚህ ድራፍቱ የአንደኛነትን ተራ ሰጠው፣ ለደካማ እንደሚገባው። ማርሻል በዚያ ተራ ጥቁር ልጅ የመረጠው ግን ድራፍቱ ልቡን ስላራራው አይደለም። አዲሱ ስታዲየም የቆመው በፌደራል መንግሥት መሬት ላይ ነበርና የኬኔዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል፣ ዘር መለየት ካላቆምክ ስታዲየሙን አትጠቀምም ስላለው ነው። ማርሻል የሃይዝማንን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያውን ጥቁር፣ ኧርኒ ዴቪስን፣ መረጠና ወዲያው ለክሊቭላንድ ሰጥቶ ቦቢ ሚቸልን በልዋጭ ወሰደ። ዴቪስ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ በ1963 በደም ካንሰር ሞተ።

አሁን ወደ ጋሼ ትልቁ ማስረጃ። «በ2023 ዋሽንግተን 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በ2024 ድራፍት በሁለተኛ ተራ ጄይደን ዳንኤልስን መረጠ። በዚያው ዓመት 12 አሸነፈ፣ 5 ተሸነፈ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

እውነት ነው፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ያ ዓመት ለእኛ ሠርግ ነበር። ኦክቶበር ላይ ከቺካጎ ጋር ሰዓቱ አልቆ ዳንኤልስ የወረወራት ኳስ ተነካክታ ኖዋ ብራውን እጅ ስትገባ ጎረቤቶቼ እሳት የተነሳ መስሏቸው በር አንኳኩተዋል። ቡድኑ ከጃንዋሪ 1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱፐር ቦውል፣ ከሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ እስኪቀረው ደረሰ። (እዚያ ፊላዴልፊያ 55 ለ23 ቀጣን፣ እሱን እንለፈው።) ዳንኤልስ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፣ ይገባዋል።

ግን ጋሼ፣ ከቺካጎ ጋር በተጫወትን ቀን በሌላው በኩል ማን ነበር የቆመው? ኬሌብ ዊሊያምስ። በዚያው ድራፍት ከዳንኤልስ ቀድሞ፣ አንደኛ የተመረጠው። ቺካጎ በዚያ ዓመት 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። አንደኛው ተራ 5፣ ሁለተኛው ተራ 12። ልዩነቱን ያመጣው ተራው ከሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው። በዋሽንግተን የተቀየረው ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሷን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ፣ ብቻ አልነበረም። በ2023 ክረምት ጆሽ ሃሪስና ጓደኞቹ ቡድኑን በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። በ2024 አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ አዳም ፒተርስ፣ አዲስ አሠልጣኝ፣ ዳን ኩዊን፣ መጡ። ቤቱ ከመሠረቱ ተጠርጎ ነው እንግዳው የገባው።

ቤቱ ሳይጠረግ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ይሄው ቡድን በ2012 አሳይቶናል። ጋሼ ያን ዓመት አንድ ቃል አላነሱትም፣ የማያስታውሱት አይመስለኝም። ሮበርት ግሪፈንን ለማግኘት ዋሽንግተን ራምስ ለሚባለው ቡድን የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ተራዎቹን ሰጠ፣ አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ መረቀበት። ግሪፈን በመጀመሪያ ዓመቱ እንደ እሳት ነበር፣ 10 አሸነፉ፣ 6 ተሸነፉ፣ ምርጥ ጀማሪ እሱም ተባለ። ያኔ እሑድ እሑድ ቡድኑ በሚጫወትበት በላንዶቨር ስታዲየም ዙሪያ በመኪናዬ ሰው አመላልስ ነበር። በጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር የተደረገውን የጥሎ ማለፍ ጨዋታ መኪና ውስጥ ሆኜ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። የግሪፈን ጉልበት ሄደ። ያን ምሽት ያሳፈርኳቸው አራት ሰዎች እስከ ቦዊ ድረስ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ነው የወረዱት። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ።

ያን ቀን ያሸነፈን የሲያትል ኳርተርባክ ራስል ዊልሰን ነበር። በዚያው በ2012 ድራፍት በሦስተኛው ዙር፣ 75ኛ የተመረጠ። ከዚያ ይባስ ብሎ ዋሽንግተን ራሱ በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ ከርክ ከዝንስን መርጦ ነበር፣ ከግሪፈን ይልቅ ለብዙ ዓመት በሊጉ የቆየውንና ብዙ ገንዘብ የሠራውን ልጅ። ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራ ከፍለው ያመጡት ሰው ተሰብሮ ሲቀመጥ፣ ለመጠባበቂያ ብለው ያነሱት ነው የተረፈው። በ2014 ደግሞ ራምስ ላንዶቨር ሲመጡ አሠልጣኛቸው ለሳንቲም ውርወራው ስድስት አምበሎች ላከ። ስድስቱም በዚያ ልውውጥ ባገኙት ተራ የተመረጡ ልጆች ናቸው። ሽሙጥ ማለት ይህ ነው። 24 ለ0 ተሸነፍን።

ይሄ በቀጥታ ወደ መልማዮቹ ጉዳይ ይወስደኛል። ጋሼ «ልጆቹን እንደ ወርቅ መዝነዋቸው ነው» ይላሉ። መመዘኑን ይመዝናሉ። በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይሰበስቧቸውና ቁመት፣ ክብደት፣ የእጅ መዳፍ ስፋት ሳይቀር ይለካሉ። 40 ያርድ ያስሮጧቸዋል። ቶም ብሬዲ 40ውን በ5.28 ሰከንድ ነው የሮጠው፣ ለዚያውም ሩጫ ከተባለ። በ2000 በስድስተኛው ዙር፣ 199ኛ ተመረጠ። ሰባት ሱፐር ቦውል ወሰደ። በ2007 አንደኛ የተመረጠው ጃማርከስ ራስል ግን የሚያስደነግጥ ክንድ ነበረው፣ ቁመናው ሐውልት ነበር። ከ2009 በኋላ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ምርጫ ብሮክ ፐርዲ ነበር። የመጨረሻውን ልጅ ከ1976 ጀምሮ «የማይረባው አቶ» እያሉ በፍቅር ይቀልዱበታል፣ ድግስም ይደግሱለታል። የማይረባው አቶ በሁለተኛ ዓመቱ ቡድኑን ሱፐር ቦውል አደረሰ።

የተመረጡ ምሳሌዎች ናቸው ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ቴለር በኋላ በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደው ነው፣ የብዙ ዓመት ድራፍት አንድ በአንድ ቆጥረው ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነው። አንድ ቡድን አንድን ልጅ በዚያው ቦታ ከሚጫወተው ከሚቀጥለው ልጅ አስቀድሞ ሲመርጠው፣ ቀድሞ የተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው ስንት ጊዜ ነው? ወደ 52 ከመቶ። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ነው። ለሁለቷ ነጥብ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መዳፍ የሚለካው። ከፊት ያሉት ተራዎች ከሚያወጡት በላይ ዋጋ እንደሚሰጣቸውም አሳይተዋል። ዋሽንግተን ለግሪፈን የከፈለውን አስቡ።

አሁን ዋናው። ጋሼ በሁለት መስመር ያለፉት፣ እኔን ግን ብዕር ያስነሳኝ። «የድሃ ልጅ በአንድ ሌሊት ሚሊየነር ሲሆን ማማረር ነውር ነው» የሚለው።

በ1968 ዋሽንግተን (አዎ፣ አሁንም ዋሽንግተን፣ ምን ላድርግ) ጄምስ ስሚዝን በመጀመሪያው ዙር መረጠ። በቅጽል ስሙ «ያዙ» ስሚዝ ነበር የሚሉት። የአንድ ዓመት ውል ፈረመ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ አንገቱ ተጎዳ፣ ጨዋታው በዚያው አበቃለት። ስሚዝ ከሰሰ። ክርክሩ ይህ ነበር፦ ድራፍት ባይኖር ኖሮ ከብዙ ቡድኖች ጋር ተደራድሬ የተሻለ ገንዘብና ለጉዳት ዋስትና ያለው ውል አገኝ ነበር፣ እናንተ ግን ከአንድ ቡድን በቀር ማንም እንዳያናግረኝ ተስማማችሁ። በ1976 ፍርድ ቤት እውነትህን ነው አለው። በ1978 ይግባኝ ሰሚውም ያ ድራፍት የንግድ ውድድርን የሚያፍን ሕገወጥ ስምምነት ነው የሚለውን አጸና። ይሄን ያለው የስታዲየም በር ላይ የሚጮህ ሰው አይደለም፣ እዚሁ ዋሽንግተን ያለ የፌደራል ፍርድ ቤት ነው። ታዲያ ድራፍቱ ዛሬ ድረስ እንዴት ቆመ? ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በሚደረገው የጋራ ስምምነት ውስጥ ስለተካተተ። ማኅበሩ ከፈረመ ሕጉ አይነካውም።

ማኅበሩ ውስጥ ያለው ማን ነው? ነባር ተጫዋች። ድራፍቱ የሚመለከተው ማንን ነው? ገና ኮሌጅ ያለ፣ የማኅበሩ አባል ያልሆነ ልጅ። በሌለበት ነው የሚፈረምበት። ይሄ እንዴት እንደሚሠራ በ2011 በደንብ ታየ። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የ6 ዓመት፣ 78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፣ 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ስምምነት መጣ፣ የጀማሪዎች ደመወዝ በተመረጡበት ተራ ቁጥር ተወሰነ። በ2011 አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን ስንት ፈረመ? የ4 ዓመት፣ 22 ሚሊዮን። ኒውተን ከብራድፎርድ ያንሳል የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ገንዘቡ ለነባሮቹ ሄደ፣ ነባሮቹም ነበሩ ድምፅ የሰጡት። 22 ሚሊዮን ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔ በሕይወቴ አላየውም። የምለው፣ ሰውን ሚሊየነር ማድረግና የሚገባውን መክፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የፐርዲን ነገር ደግሞ ስሙት። ቡድኑን ሱፐር ቦውል ባደረሰበት ዓመት ደመወዙ 870 ሺህ ዶላር ነበር። በዚያው ቦታ የሚጫወቱ ሌሎች በዓመት ከ40 ሚሊዮን በላይ የሚያገኙ ነበሩ። ጨምሩልኝ ማለት አይችልም፣ ሕጉ ሦስት ዓመት ሳይጫወት ውሉን መነካካት ይከለክላል። በ2025 ነው የ5 ዓመት፣ 265 ሚሊዮን ዶላር ውል ያገኘው። እሱ ዕድለኛ ነው፣ እስከዚያ አንገቱም ጉልበቱም አልተሰበረም። የብዙዎቹ የጨዋታ ዘመን ግን ያ የመጀመሪያ ውል ሳይገባደድ ነው የሚያልቀው።

ባለሙያዎቹ ብቻ የሚስቁበት አንድ ነገር ልጨምር። በሰባተኛው ዙር መጨረሻ ከመመረጥ ጨርሶ አለመመረጥ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ያልተመረጠ ልጅ ነጻ ነው። ስልኩ ይደወላል፣ ሦስት አራት ቡድን ያናግረዋል፣ የትኛው ጋር ቦታ እንደሚያገኝ አስቦ ይመርጣል። 250ኛው ልጅ ይሄ መብት የለውም። ከርት ዋርነርን ማንም አልመረጠውም፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲደረድር ቆይቶ ሱፐር ቦውል ወሰደ፣ ስሙም የክብር አዳራሽ ገባ።

«እምቢ ማለት ይችላሉ» ይሉኝ ይሆናል ጋሼ። ይችላሉ። ቦ ጃክሰን በ1986 ታምፓ ቤይ አንደኛ ሲመርጠው እምቢ ብሎ ቤዝቦል ሄደ። ጆን ኤልዌይ በ1983፣ ኢላይ ማኒንግ በ2004 ከመረጣቸው ቡድን አመለጡ። ቦ ጃክሰንና ኤልዌይ ሌላ ስፖርት የሚጫወት እጅ ነበራቸው፣ ማኒንግ የታላላቅ ኳርተርባኮች ልጅና ወንድም ነው። ሌላው ልጅ እምቢ ቢል ዓመቱን ቤቱ ተቀምጦ ያሳልፋል። የሚገርመው ደግሞ ዛሬ የኮሌጁ ልጅ ከፕሮፌሽናሉ የበለጠ ነጻ መሆኑ ነው። ከ2021 ጀምሮ በስሙና በምስሉ ገንዘብ ይሠራል፣ ያልተመቸውን ትምህርት ቤት ጥሎ ሌላው ጋር ይሄዳል፣ ከ2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ይከፍሉታል። 20 ዓመት ሲሆነው ያስጫርታል፣ 22 ሲሞላውና ሥራው ሲጀመር ተራ ይጠብቃል።

የአውሮፓው ነገር ላይ ጋሼ ግማሽ እውነት አላቸው። ባየርን ሙኒክ ከ2013 እስከ 2023 አከታትሎ 11 ጊዜ ዋንጫ በላ፣ ይሄ ለማንም አይጥምም። እኔም ቆጥሬያለሁ። ፕሪሚየር ሊግ ከተጀመረ ከ1992 እስከ 2025 ድረስ ዋንጫ ያነሱት 7 ቡድኖች ናቸው፣ በዚያው ጊዜ ሱፐር ቦውል የወሰዱት 15። ግን አንዱ ዋንጫ በ38 ጨዋታ ነጥብ ይለካል፣ ሌላው በአንድ ቀን ጥሎ ማለፍ። በ38 ጨዋታ ዕድል ይጣራል፣ በአንድ ጨዋታ አይጣራም። ከዚያ በላይ ደግሞ ገንዘቡ አለ። ኤንኤፍኤል የብሔራዊ ቴሌቪዥን ገንዘቡን ለ32ቱ እኩል ያካፍላል። ግሪን ቤይ ከ100 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ያለባት ከተማ ናት፣ ቡድኗ ከዚህ የጋራ ቋት በ2024 ሒሳቡ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶታል፣ የኒውዮርኩም እንዲሁ። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ የደመወዝ ጣሪያ አለ፣ በ2025 ለአንድ ቡድን 279.2 ሚሊዮን ነበር። ሀብታሙ ቢፈልግም ከዚያ በላይ መክፈል አይችልም። ነገ ድራፍቱን አጥፍታችሁ የገንዘብ ክፍፍሉንና ጣሪያውን እንዳሉ ብትተዉ ሀብታሙ ዳላስ ሁሉንም ልጅ አይሰበስብም፣ ጣሪያው አይፈቅድለትም። በተቃራኒው እነዚህን አጥፍታችሁ ድራፍቱን ብቻ ብትተዉ፣ አራት ዓመት ሲያልቅ ግሪን ቤይ ያሳደገቻቸውን ልጆች በሙሉ ትሸኛለች።

ድራፍት ብቻውን ደካማን የሚያነሳ ቢሆንማ ክሊቭላንድ ዛሬ ንጉሥ ነበረች። በ1999 አንደኛ መረጠች፣ በ2000 አንደኛ መረጠች፣ በ2017 አንደኛ መረጠች። በዚያው በ2017 ከ16 ጨዋታ 16ቱን ተሸነፈችና በ2018 እንደገና አንደኛ መረጠች። ሱፐር ቦውል ደርሳ አታውቅም።

በ2027 ድራፍቱ እኛው ጋ፣ ናሽናል ሞል ላይ ነው የሚካሄደው። እኔ እሄዳለሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ይዤ። ጋሼም የሚመጡ ከሆነ አብረን እንቁም፣ የልጆቹን ፊት እያየን የጀመርነውን እንጨርሰው። ሲያልቅ ሌላኛውን ድራፍት እኔ እጋብዛለሁ።